ዌብሳይታችሁን ማን ያየዋል? ከጣና ዳር የተጻፈ የአናሊቲክስ መመሪያ

ጋሼ ሁለት የሞተር ጀልባ አላቸው። ሰው ወደ ዘጌ ያደርሳሉ፣ ክብራን ገብርኤልን ያሳያሉ። ወደ ማታ ደግሞ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ድረስ ወርደው ጉማሬ ያሳያሉ። ዌብሳይት የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ከሦስት ወር በኋላ ወደቡ አካባቢ ቡና ስንጠጣ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ እዚያ ነገር ውስጥ ሰው ይገባል?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው። ደስ የሚል ቁጥር ነበር፤ እኔም ኮራ ብዬ ነው ያሳየሁት። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩትና፣ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን አይደውልም?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ መመሪያ መልሱን ስፈልግ የሄድኩበት መንገድ ነው። ጀልባ ላይኖራችሁ ይችላል። ፔንሲዮን፣ የዓሣ ምግብ ቤት፣ የዘጌ ቡና መሸጫ ወይም የሠርግ ፎቶ ቤት ቢኖራችሁም መንገዱ ያው ነው።

አንድ የቃል ነገር ላስቀድም። ባሕር ዳር ውስጥ «ጎብኚ» ስንል ካሜራ አንግቶ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ነው የሚታየን። ስለዚህ ዌብሳይታችሁን የከፈተውን ሰው እዚህ ላይ «ተመልካች» እለዋለሁ። አለበለዚያ ሁለቱ ይምታቱብናል።

ከሁሉ በፊት፦ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፉ

መሣሪያውን፣ ማለትም ዌብሳይታችሁን ማን እንደሚያየው የሚቆጥረውን ጎግል አናሊቲክስን፣ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጻፉ። አንድ ብቻ። ጎግል አናሊቲክስ ውስጥ ያለ ጥያቄ የገባ ሰው ገበያ ያለ ዝርዝር እንደወጣ ሰው ነው፤ ሁሉን ያያል፣ ሲመለስ ግን ዘንቢሉ ባዶ ነው።

«ስንት ሰው ገባ?» ጥሩ ጥያቄ አይደለም። ምክንያቱም መልሱ ምንም አያሠራችሁም። 300 ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? 900 ቢሆንስ? የጋሼ ጥያቄ ግን ያሠራል። «አይተው ለምን አልደወሉም?» ሲባል፣ ሰዎቹ ከየት መጡ፣ የትኛውን ገጽ አዩ፣ ስልክ ቁጥሩ ጋ ደረሱ ወይ፣ ደርሰውስ ነኩት ወይ እያላችሁ ደረጃ በደረጃ ትወርዳላችሁ።

አንደኛ፦ መትከል

ጎግል አናሊቲክስ ነፃ ነው። ዛሬ የምንጠቀመው አራተኛው ስሪት ነው፤ የድሮው መረጃ መሰብሰብ ያቆመው በጁላይ 2023 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀረጸ የዩቲዩብ ትምህርት ካገኛችሁ እለፉት። ሜኑው ራሱ ሌላ ነው።

በጂሜይል አካውንታችሁ ትገባላችሁ፣ አካውንትና ፕሮፐርቲ (የዌብሳይታችሁ መረጃ የሚጠራቀምበት ቦታ) ትከፍታላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በችኮላ የሚያልፈው ነገር አለ፤ የሰዓት ክልል። ካልነካችሁት የአሜሪካ ሰዓት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኢትዮጵያን ምረጡ። በኋላ ብታስተካክሉት የሚስተካከለው ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው፤ ያለፈው እንደተበላሸ ይቀራል።

ቀጥሎ ዌብ የሚለውን ዳታ ስትሪም (መረጃው ከዌብሳይቱ የሚመጣበትን መስመር) ፍጠሩ። በእንግሊዝኛው ጂ ፊደልና በሰረዝ የሚጀምር መለያ ይሰጣችኋል። ዌብሳይታችሁ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ ሳይት ኪት የሚባለውን የጎግል ፕለጊን (ማከያ) ጫኑ፣ ራሱ ያገናኘዋል። ብሎገር ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ መለያውን የምትለጥፉበት ቦታ አለ። በእጅ የተሠራ ከሆነ የተሰጣችሁን ኮድ በየገጹ ሄድ ክፍል ውስጥ አስገቡ።

አንድ ጊዜ ብቻ አስገቡት። እኔ የጋሼን ስሠራ በፕለጊኑም በቴምፕሌቱም አስገብቼው ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ከረመ። ያ የኮራሁበት ቁጥር ግማሹ የእኔው ስህተት ነበር ማለት ነው። ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም።

መሥራቱን ለማየት ሪልታይም የሚለውን ሪፖርት ክፈቱና በሌላ ስልክ ዌብሳይቱን ግቡበት። ሪልታይም ያለፉትን 30 ደቂቃዎች ያሳያል። አንድ ሰው ብቅ ካለ ሠርቷል። ሌሎቹ ሪፖርቶች ግን ተሟልተው እስኪገቡ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ ዛሬ ተክላችሁ ዛሬ ባዶ ነው ብላችሁ አትደናገጡ።

እግረ መንገዳችሁን አድሚን ውስጥ ገብታችሁ ዳታ ሪቴንሽን የሚባለውን፣ መረጃው የሚቀመጥበትን ጊዜ ከ2 ወር ወደ 14 ወር ቀይሩት። መደበኛዎቹን ሪፖርቶች አይነካም፤ ኤክስፕሎር በሚባለው ክፍል የራሳችሁን ሠንጠረዥ ስትሠሩ ግን ካልቀየራችሁት ከሁለት ወር በላይ ወደ ኋላ አትሄዱም። የዘንድሮን ጥምቀት ካምናው ጋር ማወዳደር የፈለገ ሰው የሚያዝነው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፦ ራሳችሁን ከቁጥሩ አውጡ

አዲስ ዌብሳይት ላይ ትልቁ ተመልካች ባለቤቱ ነው። ቀጥሎ የባለቤቱ ልጅ፣ ከዚያ ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ። እኔ የጋሼን ገጽ በቀን ምን ያህል ጊዜ እከፍተው እንደነበር ባላወራው ይሻላል።

መሣሪያው የቢሮን ኢንተርኔት በአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ በሚታወቅበት ቁጥር) ለይቶ የሚያስወጣበት መንገድ አለው። ዳታ ስትሪም ውስጥ የታግ ሴቲንግን ከፍታችሁ ኢንተርናል ትራፊክ በሚለው ላይ አድራሻውን ትመዘግባላችሁ። ከዚያ ዳታ ፊልተር ውስጥ ያለውን ማጣሪያ ከቴስቲንግ ወደ አክቲቭ መቀየር አለባችሁ። ይህን የሁለተኛውን እርምጃ የማይረሳ ሰው አላየሁም።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ዘዴ እኛ ጋ ብዙም አያስተማምንም። በሞባይል ዳታ ስትጠቀሙ አድራሻው ይቀያየራል፤ አንድ አድራሻ ደግሞ ብዙ ሰው ሊጋራው ይችላል። ራሳችሁን አወጣን ስትሉ ጎረቤትን ልታወጡ ትችላላችሁ። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ጎግል ራሱ ያዘጋጀውን የኦፕት አውት ማከያ ብሮውዘሬ ላይ ጭኛለሁ። ስልኬ ላይ ደግሞ ያለ ሥራ አልከፍትም። ጋሼንም፣ «ጋሼ፣ ለሰው ሲያሳዩ ከስልክዎ ፎቶውን ያሳዩ» ብያቸዋለሁ። አልሰሙኝም።

ሦስተኛ፦ ዋናውን ነገር እንዲቆጥር ንገሩት

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው። መሣሪያው ገጽ መከፈቱን ያውቃል። ለእናንተ ግን የሚጠቅማችሁ ሰው መደወሉ፣ በቴሌግራም መጻፉ ወይም ቦታ መያዙ ነው። ይህን ካልነገራችሁት አያውቅም።

በቴሌግራም እንጀምር፣ እሱ ይቀላል። ኢንሃንስድ ሜዠርመንት የሚባለው ነገር ሲከፈት፣ ከዌብሳይታችሁ ወደ ሌላ ዌብሳይት የሚወስድ ሊንክ ሲነካ ራሱ ክሊክ ብሎ ይመዘግባል። የቴሌግራምና የዋትሳፕ ሊንክ በዚህ ውስጥ ይገባል። አድሚን ውስጥ ኢቨንትስ ጋ ሄዳችሁ አዲስ ኢቨንት (የሚቆጠር ድርጊት) ፍጠሩ፤ «ክሊክ ሆኖ፣ የሊንኩ ዶሜን የቴሌግራም ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ስጡት። የራሳችሁን ስም አውጡለት፤ ስሙ ውስጥ ግን ክፍት ቦታ አትተዉ። ከዚያ ኪ ኢቨንት (ዋና ድርጊት) ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ቀድሞ ኮንቨርዥን ይባል የነበረው ይኸው ነው።

ስልክ ትንሽ ያስቸግራል። የስልክ ሊንክ ወደ ሌላ ዌብሳይት ስለማይወስድ ራሱ አይቆጠርም። ጎግል ታግ ማናጀርን መጫን ያስፈልጋል፤ የዌብሳይቱን ኮድ ሳትነኩ ታግ የሚባሉ መቁጠሪያዎችን የምትጨምሩበት መሣሪያ ነው። እዚያ ውስጥ «ሊንክ ሲነካ፣ አድራሻው በእንግሊዝኛ ቴል በሚለው ቃልና በሁለት ነጥብ የሚጀምር ከሆነ» የሚል ትሪገር (መቀስቀሻ) ትሠራላችሁ፤ እሱ ሲነቃ ወደ አናሊቲክስ ኢቨንት የሚልክ ታግ ታያይዙበታላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ያለፋል። ከዚያ በኋላ ግን አትነኩትም። ታግ ማናጀር ውስጥ ፕሪቪው የሚል ቁልፍ አለ፤ ራሳችሁ ስልኩን ነክታችሁ መቆጠሩን ሳታዩ አታትሙት።

አዲስ ኢቨንት ከተፈጠረበት ሰዓት ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ይህን ሥራ «ተመልካች ሲበዛ አደርገዋለሁ» አትበሉ።

የጋሼን ስልክ በዚህ መንገድ መቁጠር ስጀምር አንድ ሳምንት ሙሉ ዜሮ አለኝ። ታጉ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀን አባከንኩ። ምክንያቱን ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

አራተኛ፦ ከየት እንደመጡ

ሪፖርትስ ውስጥ ትራፊክ አኩዊዚሽን የሚለውን ክፈቱ። ተመልካቾቹ በመጡበት መንገድ ተከፋፍለው ታገኟቸዋላችሁ። ኦርጋኒክ ሰርች ማለት ፈልገው ያገኟችሁ ናቸው። ሪፈራል ሌላ ዌብሳይት ላይ ያለ ሊንክ ነው። ኦርጋኒክ ሶሻል ፌስቡክና መሰሎቹ ናቸው።

ዳይሬክት የሚለው ግን አያታልላችሁ። ቃሉ አድራሻውን በእጁ ጽፎ የገባ ሰው ያስመስላል። እውነቱ፣ መሣሪያው ከየት እንደመጣ ያላወቀው ሰው ሁሉ እዚያ ይጣላል። ከቴሌግራም አፕ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚወድቀው። እኛ አገር ሊንክ የሚዞረው በቴሌግራም ስለሆነ፣ ዳይሬክት ሲያብጥ «ስማችን ታወቀ» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ግሩፕ ላይ እንደተለጠፈ ጠይቁ።

መፍትሔው ዩቲኤም ነው። ሊንኩ ጫፍ ላይ የምትቀጥሏት ትንሽ ምልክት ናት። ሦስት ነገር ትናገራለች፦ ሶርስ (ከየት)፣ ሚዲየም (በምን ዓይነት መንገድ)፣ ካምፔይን (ለየትኛው ሥራ)። በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ የጎግል ካምፔይን ዩአርኤል ቢልደር ቅጹን ስትሞሉለት ሊንኩን ያወጣላችኋል። ለቴሌግራም ቻናላችሁ አንድ፣ ለፌስቡክ ገጻችሁ ሌላ ሊንክ አዘጋጁ። ስሙን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ትልቁ ፊደል፣ ሌላ ቀን በትንሹ ከጻፋችሁት ሁለት የተለያየ ምንጭ አድርጎ ይቆጥረዋል። በራሳችሁ ገጾች መካከል ባሉ ሊንኮች ላይ ደግሞ ዩቲኤም አትጨምሩ፤ ሰውዬው በመጀመሪያ የመጣበትን ያጠፋባችኋል።

በጣም የጠቀመን ግን ኪውአር ኮድ ነው። ለጋሼ ሦስት አሳተምን። አንዱ ጀልባው ላይ ተለጠፈ፣ አንዱ ወደቡ መግቢያ፣ አንዱ የምናውቀው ፔንሲዮን መቀበያ ላይ። ሦስቱም አንድ ገጽ ነው የሚከፍቱት፤ ዩቲኤማቸው ግን ይለያያል። ለጋሼ ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው፦ «ለየደላላው የተለያየ ካርድ መስጠት ማለት ነዋ!» አሉ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም።

ቴሌግራም ፖስቱ ሥር የዓይን ምልክት አድርጎ የሚያሳየው ቁጥር ፖስቱን ያዩትን እንጂ ሊንኩን የነኩትን አይደለም። ሁለቱን አታወዳድሩ።

አምስተኛ፦ ምን ብለው ፈለጉ? ሰርች ኮንሶል

አናሊቲክስ ሰው ከገባ በኋላ ያለውን ነው የሚያሳየው። ከመግባቱ በፊት ጎግል ላይ ምን ብሎ ጻፈ የሚለውን የሚነግራችሁ ሌላ ነፃ መሣሪያ ነው፤ ጎግል ሰርች ኮንሶል። ዌብሳይቱ የእናንተ መሆኑን አረጋግጣችሁ ትገባላችሁ። ፐርፎርማንስ የሚለው ክፍል አራት ነገር ያሳያል፦ ስንት ጊዜ በፍለጋ ውጤት ላይ ታያችሁ፣ ስንት ጊዜ ተነካችሁ፣ ከታዩት ውስጥ የተነካው ስንት እጅ ነው፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ ነበራችሁ። መረጃው እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ይሄዳል። በጣም ጥቂት ሰው የፈለጋቸውን ቃላት ግን ለምሥጢር ሲል ይደብቃል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ብትደምሩት ከጠቅላላው ያንሳል።

ለአማርኛ ዌብሳይት እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጣጣ አለ። ፊደላችን። ከተማችንን አንዱ «ባሕር ዳር»፣ ሌላው «ባህር ዳር»፣ ሦስተኛው «ባህርዳር» ብሎ ይጽፋል። ወንዙ ለአንዱ «ዓባይ»፣ ለሌላው «አባይ» ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን አጻጻፍ ለብቻ መስመር ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፍላጎት አምስት ትንንሽ መስመር ሆኖ ተበታትኖ ስታዩት «ማንም አይፈልገንም» ልትሉ ትችላላችሁ።

መድኃኒት አለው። ኩዌሪ የሚለውን ማጣሪያ ጨምሩና ዓይነቱን ወደ ሬጄክስ (ብዙ አጻጻፍን ባንድ ቀመር የሚፈልግ ዘዴ) ቀይሩት። ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ባ[ህሕኅ]ር ?ዳር

በቅንፉ ውስጥ ያሉት ፊደሎች «ከእነዚህ ማንኛውም ይሁን» ማለት ናቸው። የጥያቄ ምልክቷ ከፊቷ ያለችው ክፍት ቦታ ኖረችም አልኖረችም ይሁን ትላለች። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አጻጻፍ ደምሮ ያሳያችኋል። ለወንዙም እንዲሁ፦ [አዓዐ]ባይ። ይህችን ትንሽ ነገር ያገኘሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም አትርሱ። የከተማውን ስም በእንግሊዝኛ አጣምሮም ለያይቶም የሚጽፍ አለ። ፏፏቴውንም አንዱ ጢስ እሳት፣ ሌላው ጢስ ዓባይ ይለዋል፤ የውጭው ሰው ደግሞ በብሉ ናይል ስም ነው የሚፈልገው። ገጻችሁ ላይ ሁሉንም ስሞች በተፈጥሮ አንድ አንድ ጊዜ ማስገባት ይጠቅማል። እየደጋገሙ መጠቅጠቅ ግን ገጹን የማይነበብ ያደርገዋል።

ከጋሼ ዝርዝር ውስጥ እኔን ያስገረመኝ ሴቶች የሚገቡባቸውን ገዳማት የሚጠይቁ ፍለጋዎች ነበሩ። እኛ ያደግንበት ነገር ስለሆነ ለማንም መንገር ያለብን አልመሰለንም ነበር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናት። የጋሼ ገጽ ስለዚህ ምንም አይልም ነበር። ከባለቤቱ ጋር የሚመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ እንዴት ጀልባ ይከራያል? አንድ አንቀጽ ጨመርን። ከጨመርናቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የሚነበበው እሱ ነው።

ስድስተኛ፦ ሰዓቱን፣ ቀኑንና ቦታውን በእኛ አቆጣጠር አንብቡት

መሣሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያስበው። ሰዓቱን ከ0 እስከ 23 ይቆጥራል። ከ7 እስከ 18 ያለውን 6 ቀንሱለት። ከ19 እስከ 23 ያለውን 18 ቀንሱ። ከ0 እስከ 6 ያለውን 6 ደምሩ። ስለዚህ 20 ሲል ማታ 2 ሰዓት ነው፣ 3 ሲል ሌሊት 9 ሰዓት። የሰዓቱን ሠንጠረዥ ለማየት ኤክስፕሎር ውስጥ ገብታችሁ አወር የሚለውን ዳይሜንሽን ምረጡ።

የጋሼ ሠንጠረዥ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ጉብታ ነበረ። መጀመሪያ ሮቦት ነው ብዬ ነበር። ጎግል የታወቁ ሮቦቶችን ራሱ ስለሚያጣራ አላመንኩትም። አገሩን ስጨምርበት አሜሪካ ሆነ። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ያለው ወገናችን ከሥራ ተመልሶ፣ ራቱን በልቶ፣ ስልኩን የሚያነሳው እኛ ሙት እንቅልፍ ላይ ሳለን ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ወር ከወር አታወዳድሩ፤ በዓል ከበዓል አወዳድሩ። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ጥር ግን ጃንዋሪ 20 ነው፤ በ2016 ጥምቀት የዋለው እንዲህ ነበር። ከቀን መምረጫው ላይ ከስተም ብላችሁ ጥምቀት ከመዋሉ አንድ ወር በፊት ያለውን ውሰዱ። መንገደኛ የሚያስበው በዓሉ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ማስታወቂያችሁም መቅደም አለበት። ፏፏቴውም የራሱ ካላንደር አለው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ገና ሳይጎድል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው የሚያምረው። የፏፏቴው ገጽ በግንቦት ቢቀዘቅዝ ዌብሳይቱ ታሟል ማለት አይደለም።

ቦታውን በጥርጣሬ አንብቡት። መሣሪያው የሰውን አገርና ከተማ የሚገምተው ከአይፒ አድራሻ ነው። ባሕር ዳር ቀበሌ 4 ተቀምጦ የከፈተው ሰው አዲስ አበባ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ቪፒኤን (አድራሻን የሚደብቅ አፕ) የከፈተ ልጅ ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ይገኛል። አንድ ሰሞን ጋሼ፣ «ሆላንዶች ወደዱን» እያሉ ሲፎክሩ ዝም ብያለሁ። ኔትወርክ ሲቋረጥም መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ የአገር ውስጡን ከውጭው ለይታችሁ ካያችሁት፣ የውጭው እንዳለ መሆኑ ይነግራችኋል። ሰው ሸሽቶን አይደለም፣ መስመሩ ነው።

ሰባተኛ፦ ገጹ ላይ ምን እንደሚሠሩ ማየት

ፔጅስ ኤንድ ስክሪንስ የሚለው ሪፖርት የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደታየና በአማካይ ምን ያህል እንደቆዩበት ያሳያል። ጊዜው የሚቆጠረው ገጹ ፊት ለፊት ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው፤ ከፍቶ ወደ ሌላ የሄደ ሰው አይቆጠርለትም። ኢንጌጅድ ሴሽን የሚለው ደግሞ ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ገጽ ያየ፣ ወይም ኪ ኢቨንት ያደረገ ሰው ነው። ለእኔ ከሁሉም ቁጥር በላይ ይቺ ትሻላለች። ከ100 ሰው 20 ብቻ ከቆዩ፣ ተጨማሪ 100 ሰው መጥራት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ቁጥር ብቻ የማይነግራችሁ ነገር ሲኖር ማይክሮሶፍት ክላሪቲን ጨምሩ። እሱም ነፃ ነው። ሰው ገጹ ላይ የት እንደነካ በቀለም ያሳያል፣ ያለፈበትንም እንደ ቪዲዮ መልሶ ያጫውታል። የጻፉትን ነገር ይሸፍነዋል። ሙት ክሊክ የሚለው ሪፖርት አለው፤ ሰው የነካው፣ ግን ምንም ያልሆነለት ቦታ ማለት ነው።

የጋሼ መልስ የተገኘው እዚህ ነው። ገጹ አናት ላይ ጀልባው ያለበት ትልቅ ፎቶ አለ። ስልክ ቁጥሩ ፎቶው ላይ በደማቅ ቢጫ ተጽፏል። ሰዎቹ ቁጥሩን ይነኩታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ፎቶ ስለሆነ ምንም አይሆንም። ከዚያ ይወጣሉ። ታጉ ዜሮ ያለኝ ታጉ ተበላሽቶ አልነበረም፤ የሚነካ ስልክ ቁጥር ዌብሳይቱ ላይ አልነበረም። ያንን ፎቶ የሠራሁት እኔ ነኝ። በጣም ያምር ነበር።

ቁጥሩን ከፎቶው አውጥቼ እንደ ሊንክ አስቀመጥኩት፣ ሥሩ «በቴሌግራም ይጻፉልን» የሚል ቁልፍ ጨመርኩ። ፎቶውንም አሳነስኩት። ከስልክ ካሜራ እንደወረደ የተጫነ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል፤ ከ200 ኪሎባይት በታች ማድረግ ይቻላል፣ ዓይን ልዩነቱን አያየውም። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ላይ አድራሻችሁን አስገቡና የሞባይሉን ውጤት እዩ። የገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ብቅ ካለ ጥሩ ነው ይላል። ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ይህች ነገር ደንበኛ ታስቀራለች።

ስለ ሰው ምሥጢር

የሰው ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል ወደ አናሊቲክስ እንዲገባ አታድርጉ፤ የጎግል ደንብም ይከለክላል። አብዛኛውን ጊዜ ሾልኮ የሚገባው ቅጽ ተሞልቶ ሲላክ አድራሻው ላይ ሲቀጠል ነው፤ ፔጅስ ሪፖርት ውስጥ የሰው ስልክ ካያችሁ ወዲያው አስተካክሉ። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ገጻችሁ ግርጌ ላይ ምን እንደምትሰበስቡና ለምን እንደሆነ በሁለት አረፍተ ነገር፣ በግልጽ አማርኛ ጻፉ።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሃያ ደቂቃ

በየቀኑ አትክፈቱት። ትንሽ ዌብሳይት ላይ የአንድ ቀን ቁጥር ወሬ ነው። እኔና ጋሼ ሰኞ ጠዋት ቡና ላይ እናየዋለን። ደብተር አላቸው፤ ሦስት መስመር ይጽፋሉ። ስልኩንና ቴሌግራሙን ስንት ሰው ነካው? ከየት የመጡት ናቸው የነኩት? ባለፈው ሳምንት ገጹ ላይ ምን ቀየርን? ሦስተኛዋ መስመር ከሌለች ሁለቱ ትርጉም የላቸውም፤ ቁጥሩ ሲለዋወጥ ምክንያቱን የምታስታውሱት በእሷ ነው። ከሁለት ነገር በላይ ባንድ ሳምንት አትቀይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

ከጎኑ ደግሞ ጋሼ የራሳቸውን ቆጠራ ይይዛሉ። የደወለውን ሁሉ፣ «ከየት አገኙን?» ብለው ይጠይቁና ምልክት ያደርጋሉ። መሣሪያው ስልኩ መነካቱን እንጂ ሰውዬው በእርግጥ ጀልባ ላይ መውጣቱን አያውቅም። ሁለቱ ቆጠራዎች ሲራራቁ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ የማገኘው የጋሼን ደብተር ነው።

ባለፈው ሰኞ ግን ጋሼ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ። «ምን ሆኑ?» አልኳቸው። ስልኩ መጮህ ጀምሯል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ከዋሽንግተን። ሁለት ቀን ተከታትሎ። የስልክ ሰዓታቸውን ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 3 ብለን በኢትዮጵያም በዋሽንግተንም አቆጣጠር ጻፍን፤ ከዚያ ውጭ በቴሌግራም ይጻፉ አልን። ከአሜሪካ የሚመጣው የቴሌግራም ንክኪ ከፍ ይል እንደሆነ የፊታችን ሰኞ እናያለን።